ታጥቦ የተሰቀለው ቀሚስ

እህቴ የግቢ ፖሊስ ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ማለቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ሽጉጥና ካቴና ይታየዋል። እሷ ግን በሥራ ዘመኗ ካቴና ያሰረችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ብስክሌት ላይ፣ ባለቤቱ የሰንሰለቱን ቁልፍ ጥሎ ሲያለቅስ አሳዝኗት። ተማሪዎቹ «ፊሽካ» ይሏታል። ሣር የረገጠ፣ ሞተር ይዞ በእግረኛ መንገድ የገባ፣ አጥር ላይ የወጣ ሁሉ ፊሽካዋን ያውቃል። ረዥም ናት፤ ስትራመድ ጫማዋ ቀድሟት የሚደርስ ይመስላል።

እኔ ታናሿ ነኝ። ከግቢው ዋና በር ፊት ለፊት ፀጉር ቤት አለችኝ፤ ወንበሮቹ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀሙ ናቸው፣ ካስኩም ሲሞቅ ይጮኻል። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እህቴ ስለሆነች «እትዬ» ነው የምላት። ስጣላት እንኳ «እትዬ፣ አሁንስ አበዛሽው» ብዬ ነው የምጀምረው። ዘንድሮ ብዙ ተጣልተናል፤ ያጣላንን ነገር ነው እንግዲህ የምነግራችሁ።

የግቢው ፖሊስ ቢሮ በዋናው ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ስትገቡ ረዥም ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ፊት ለተማሪ መቀመጫ የሚሆን አግዳሚ፣ ከጀርባው ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ቁምሳጥን ታያላችሁ። የዚያ ቢሮ ዋና ሥራ እውነቱን እንናገር ከተባለ የጠፋ ዕቃ ነው። መታወቂያ፣ ጃንጥላ፣ ቻርጀር፣ የአንድ እግር ጫማ ሳይቀር አለ። አንድ እግሩን ጥሎ ያ ሰው እንዴት ወደ ቤቱ እንደገባ እስካሁን ይገርመኛል። ባንኮኒው ላይ የሚቀመጠው ፖሊስ ድሮ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ሁሉም «ባለ ቁምሳጥኑ» ይሉታል። እጁ የገባ ነገር አይጠፋም። ይለጥፍበታል፣ ይደረድረዋል። ልብስ ከሆነ ደግሞ ሽታ ስለማይወድ በየጊዜው ሰብስቦ ላውንደሪ ይልክና፣ ተተኩሶ ሲመጣ ባለቤቱ አይቶ እንዲለየው ብሎ ኮሪደሩ ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይሰቅለዋል። ለዚህ ሥራው ተሸልሞበታል። ሲያወራም ደረቱን ነፍቶ ነው።

ኃላፊው ገና ሃምሳ አልሞላውም፤ ግን «ሽማግሌው» ነው የሚባለው። ክፉ ሰው አይደለም። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ስድቤን ጨርሼ እገላገል ነበር። የሰረቀና የተሰረቀ፣ የተማታና የተመታ ሲመጣለት ሁለቱንም ክፍሉ አስገብቶ ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል። «እናንተ እኮ የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ፤ ነገ ተመርቃችሁ ስትወጡ በዚህ ትስቃላችሁ» ይላቸዋል። መጨረሻ ላይ ይጨባበጣሉ። እሱ ዘንድ የተጨባበጠ ሁሉ ታርቋል፤ የታረቀ ነገር ደግሞ አልተደረገም ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ግቢው ከዓመት ዓመት ሰላም ነው።

እህቴ ከዚህ ሁሉ መሐል ሥራዋ ሣር ማስጠበቅ ነው፤ አንድ ነገር ሲቀር። ሴት ልጅ «ተደፈርኩ» ብላ የመጣች እንደሆነ «ፊሽካን ጥሯት» ይባላል። «ሴት ስለሆንሽ እስቲ አረጋጊያት» ይሏታል። ማረጋጋት ማለት አንድ ብርጭቆ ውሃና ሶፍት ይዞ መግባት ነው። ልጅቷ ውሃውን ስትጨርስ እህቴ ትወጣለች፤ ጥያቄውን ወንዶቹ ይቀጥላሉ። ለስንት ዓመት ይህን ስትሠራ አንድ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም፤ ጠይቂ ያላትም የለም።

ያቺ ልጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ የእኔም ደንበኛ። ሹሩባ ስሠራት በሳቅ አንገቷን እያወዛወዘች የምታስቸግረኝ፣ «ዝም ብለሽ ካልተቀመጥሽ ጉንጉኑን አንገትሽ ላይ ነው የምጎነጉነው» የምላት ዓይነት ልጅ ናት። የላብራቶሪው ረዳት፣ የወደቀችበትን ሙከራ ላስደግምሽ ብሎ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ጠራት፤ ስትገባ በሩን ቆለፈው። ከዚህ በላይ እኔ አልናገርም። እሷ ደጋግማ እንድትናገረው ተደርጋለች፤ ይበቃታል።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግቢው ፖሊስ ሄደች። የዶርም ጓደኛዋ «ልብሱን እንዳታጥቢው፣ ይዘሽው ሂጂ» ስላለቻት ቀሚሷን በፌስታል ይዛለች። በር ላይ ያለው ጥበቃ ጉዳይሽ ምንድን ነው ብሎ አቆማት፤ ነገረችው። ወደ ባንኮኒው ላካት። አግዳሚው መታወቂያ በጠፋባቸው ተማሪዎች ሞልቷል። ባለ ቁምሳጥኑ ጆሮውን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ፣ «ትንሽ ጮክ በይ ልጄ፣ አይሰማም» አላት። ጮክ አለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ስልካቸውን ማየት አቆሙ። ፌስታሉንም አይቶ «ይሄስ?» አላት፤ «ልብሴ ነው፣ የትናንቱ» አለችው። «ጥሩ፣ እዚህ ይቀመጥ» ብሎ ወረቀት ለጠፈበትና እጁ እንደለመደው ቁምሳጥኑ ውስጥ ከጃንጥላዎቹ በላይ አስቀመጠው።

ሦስተኛ ጊዜ የተናገረችው ሽማግሌው ክፍል ነው። እህቴ ውሃዋን ይዛ ገባች፣ ልጅቷ ጠጣች፣ እህቴ ወጣች። ከዚያ በኋላ የተጠየቀችውን እህቴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ለምን ብቻሽን ሄድሽ፣ ለምን አልጮህሽም፣ ከዚህ በፊት ትግባባላችሁ ወይ፣ ምን ለብሰሽ ነበር። ልብሱ እኮ ከባንኮኒው ጀርባ ነው፣ ተነስቶ ማየት ይችል ነበር! ላብራቶሪውን ሄዶ ያየ የለም። በሩን የነካ፣ ጎረቤት ክፍል ያለን ሰው የጠየቀ የለም። ሐኪም ቤት ሂጂ ያላትም የለም። ሽማግሌው ስልኩን አነሳና ረዳቱን «ይቅርታ፣ ከሥራ ላስተጓጉልህ ነው፣ ለአንድ አፍታ ብቅ ትል?» አለው። ጮክ በይ የተባለችውን ልጅ «ይቅርታ» ያላት አልነበረም፤ እሱን ግን ይቅርታ ጠየቁት።

መጣ። ከፊቷ አስቀመጡት፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። «አለመግባባት ነው» አለ። ሽማግሌው የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ የሚለውን ንግግሩን አደረገ። ልጅቷ ለተባለችው ሁሉ «እሺ» አለች፤ ሰው ከዚያ ክፍል ለመውጣት የማይለው ነገር ምን አለ? ተጨባበጡ ሲባል እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ራሱ ነው እጇን አንስቶ ያስጨበጣት፤ እንደ አባት፣ በፈገግታ።

ይህን ሁሉ እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከልጅቷ ነው። ከሳምንት በኋላ መጣችና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «ፍቺልኝ» አለችኝ። ገና አዲስ ሹሩባ ነው፣ ለምን ይፈታል ብዬ ቀለድኩ። እየፈታሁ ከጆሮዋ ጀርባ እጄን ሳሳርፍ ዘለለች። ቆዳው እስከ አንገቷ ወይቦ፣ አንዱ ጉንጉን ከሥሩ ተነቅሎ ቦታው ራቁቱን ቀርቷል። «በሱ ነው የያዘኝ» አለችኝ በመስታወቱ እያየችኝ። «ስትፈቺው ደግሞ ቁረጪው፤ ማንም የሚይዘው ነገር አልፈልግም።»

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። «ለፖሊስ ተናግረሻል?» አልኳት።

«ተናግሬያለሁ። ታረቃችሁ ተባልን።»

ቆረጥኩላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ስትወጣ ሱቁን ዘግቼ ቀጥ ብዬ ቤት ሄድኩ። እህቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ ስትመጣ ምን አደረግሽላት?»

የትኛዋ አላለችም፤ ገብቷታል። «ውሃ ሰጠኋት» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣሁ።»

«አንገቷን አላየሽም?»

«አየሁት እንጂ። ጣት ያረፈበት ይታይ ነበር። ቀሚሱንም አይቼዋለሁ፣ ፌስታሉ ክፍት ነበር፤ ከላይ ያለው ቁልፍ ከነጨርቁ ተገንጥሏል።»

«ለማን ነገርሽ ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ፤ ወዲያውም የተናገረችው ለራሷ ሳይከብዳት አልቀረም፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

ደሜ ፈልቶ ነበርና አልማርኳትም። ዩኒፎርሙን አውልቀሽ አስተናጋጅ ለምን አትሆኚም አልኳት። የቤቱን ኪራይ፣ እኔን ያሳደገችበትን፣ ሁሉን ረስቼ ነው የተናገርኩት። እግሯን አደረቀች፣ ጫማዋን ወለወለችና ወደ መኝታዋ ገባች። በእረፍት ቀኗ ግን ዩኒፎርሟን ሳትለብስ ልጅቷን ከዶርሟ አውጥታ ወደ ከተማው ፖሊስ ይዛት ሄደች።

እዚያ የሴቶች ጉዳይ የሚባል አንድ ጠባብ ክፍል አለ። መርማሪዋ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር በሩን መዝጋት ነበር። እህቴ ይህን ደጋግማ ነው የነገረችኝ፤ «በሩን ዘጋችው እኮ፣ በቃ፣ ዘጋችው» እያለች። አንዴ ጠየቀቻት፣ ልጅቷ አንዴ ተናገረች፣ ማንም ጮክ በይ አላላትም። ከዚያ መርማሪዋ ለሐኪም ምርመራ ቀኑ ማለፉን ስትሰማ «የለበስሽው ልብስስ?» አለች።

«እኛ ቢሮ ነው» አለች እህቴ። አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው፤ ቢያንስ አንድ ነገር በእጃችን አለ ብላ።

«ማንም እንዳይነካው። አሁኑኑ አምጡልኝ።»

ተመልሰው ገቡ። ወደ ቢሮው የሚወስደው ኮሪደር ረዥም ነው፤ በክፍል መቀያየሪያ ሰዓት ስለነበር ተማሪው ይርመሰመሳል። እህቴ ቁምሳጥኑን እያሰበች ስትፈጥን ልጅቷ ከኋላዋ ቆመች። ዘወር ስትል በመስታወቱ ሣጥን ፊት ቆማ አገኘቻት። ቀሚሷ ተሰቅሏል። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ እጅጌው ላይ የተተኮሰበት መስመር ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይታያል። ደረቱ ላይ «ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከአንዲት ካፖርትና ከአንድ የስፖርት ቱታ መካከል ነው፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያየዋል።

«የኔ ነው» አለች ልጅቷ። አላለቀሰችም። ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ፣ «ቁልፍ ተተክሎበታል» አለች።

እህቴ ባንኮኒው ጋ የደረሰችው እንዴት እንደሆነ አታውቅም። ባለ ቁምሳጥኑ በጥያቄዋ ግራ ተጋባ። «ምን አጠፋሁ?» አላት። «ቆሽሾ ነበር፣ አሳጠብኩት። ቁልፉ ጎድሎ ነበር፣ ላውንደሪዋን ለምኜ አስተከልኩበት። ምን ጎደለባት?» ከልቡ ነው የጠየቃት። እኔ እዚያ አለመኖሬ ጥሩ ሆነ። አንዲት ልጅ በዚህ ዓለም ላይ ለቃሏ ምስክር የሚሆናት አንድ ነገር ይዛ መጥታ «ጠብቁልኝ» ብትል፣ እነዚህ ሰዎች በሳሙና አጥበው፣ በካውያ ተኩሰው፣ ያ ሰውዬ የገነጠለውን ጠግነው ለአላፊ አግዳሚ ሰቀሉት። ጠላት ቢሆኑ ከዚህ የከፋ ምን ያደርጋሉ? የሰረቀ ልጅ እንኳ የሰረቀውን ይደብቃል።

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ አዲስ ገጽ ገለጠች። «እንግዲህ የቀረን በዚያ ጠዋት ያየ ሰው ነው» አለች። ያየችው እህቴ ናት። አንገቱን አይታለች፣ ቀሚሱን ሳይታጠብ አይታለች። ቃሏን ልስጥ ካለች ደግሞ የገዛ ቢሮዋ ያደረገውን ሁሉ መናገሯ አይቀርም።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሽማግሌው ጆሮ ደረሰ። ጠራትና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እሷንና ባለ ቁምሳጥኑን ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ጠቡ የሁለቱ መስሎት! «የሥራ ባልደረቦች ናችሁ» አለ። «እሱ ያደረገው በቅንነት ነው። አንቺም የተናደድሽው በቅንነት ነው። ቤታችንን በሰው ፊት አናዋርድ። እስቲ ተነሱና ተጨባበጡ።»

ባለ ቁምሳጥኑ እጁን ዘረጋ። እህቴ ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ጌታዬ፣ እኔና እሱ አልተጣላንም» አለችው። «ልጅቷን ነው የበደልናት። እኔ ነገ ሄጄ ያየሁትን እናገራለሁ። እርስዎም ቢመጡ ጥሩ ነበር።»

«ልጅ እያለሽ ቀጥሮ ያሳደገሽ ቤት ነው ይሄ» አላት።

«ለዚህ ነው ቀድሜ የነገርኩዎት» አለችው።

ቃሏን ሰጠች። ያየችውን አየሁ አለች፣ ያጠፉትን አጠፋን አለች፣ ውሃ ሰጥታ መውጣቷንም አልደበቀችም። ልጅቷ ከጎኗ ነበረች፤ ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ አጥሮ። ያን ቀን ከወጡ በኋላ ሁለቱ ሱቄ መጥተው ዳቦ በሻይ በሉ፤ እህቴ ፀጉሯን እያየች «ያምርብሻል» ስትላት ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔም የሰነበተ ኩርፊያዬን ተውኩ።

መዝገቡ ግን በማስረጃ ማነስ ተዘጋ። ዓቃቤ ሕጉ ቀሚሱ ቢኖር ኖሮ ሌላ ነበር አለ፤ ይህን ለመናገር ደግሞ ወራት ፈጀበት። ረዳቱ ለምርመራው ያስረከበውን የላብራቶሪ ቁልፍ መልሶ ያዘ፤ በሱቄ ፊት ለፊት እያፏጨ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ማጠቢያው ውስጥ ያለውን ውሃ ልደፋበት ስንት ጊዜ ተነስቼ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅቷ ሌላ ከተማ ወዳለ ኮሌጅ ተዛወረች። ከወንጀለኛውና ከተበዳይዋ ግቢውን ለቅቃ የወጣችው እሷ ናት። አንዳንዴ ትደውላለች፤ ትምህርቱን ይዛዋለች፣ ፀጉሯን ግን አላሳደገችውም።

እህቴን ደግሞ ከዋናው በር አንስተው ወደ ኋላ በር፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰዷት። ሽማግሌው «ለጤናሽም ንጹሕ አየር ነው» አላት። እዚያ ሥራዋ አንድ ነው፤ መኪና ሲመጣ ብረቱን ማንሳት፣ ሲያልፍ ማውረድ። ፊሽካዋንም ተቀበሏት፤ ለመኪና አያስፈልግም ተብሎ።

አንድ ጠዋት አንዲት ተማሪ ወደዚያ በር መጣች። መኪና የላት፣ የምትጠብቀው ሰው የላት፤ ብረቱን ተደግፋ ቆመች። ብዙ ከቆየች በኋላ «ከተማው ፖሊስ የሚወስዱት እርስዎ ነዎት?» አለቻት። እህቴ ብረቱን ወደ ላይ እንደተሰቀለ ተወችውና አብራት ሄደች። ያን ቀን ከሰዓት በፊት መኪና ሁሉ ያለ ፍተሻ እንደ ልቡ ገባ። ለዚህም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ የሥራ ቦታ ጥሎ በመሄድ። ከዚያ ሌላ መጣች። ከዚያም ሌላ። ሰው የሚበዛ ቀን እኔ ሱቅ ውስጥ ይጠብቋታል፤ ፀጉር የሚሠሩ መስለው ካስኩ ሥር ይቀመጣሉ። ሲወጡ ማንም አያያቸውም። ልብሳቸውን በወረቀት ከረጢት እንዲይዙ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ መርማሪዋ አስተምራኛለች።

ዓመቱ ሲያልቅ የግቢው ፖሊስ ሪፖርት ያቀርባል። በበሩ አካባቢ የምንሠራ ሰዎችም እንጠራለን፤ ለስላሳ ይሰጡናል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ዲኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እህቴ ከኋላ ረድፍ ነች፤ ቆማ ነው የምታዳምጠው፣ ወንበር ጎድሎ። ሽማግሌው አነበበ። ስርቆት ቀንሷል። የጠፋ ዕቃ የመመለስ ሥራ ካለፈው ዓመት በልጧል። ባለ ቁምሳጥኑ ተነስቶ እጅ ነሳ። «ጾታዊ ጥቃትን በሚመለከት» አለ ሽማግሌው መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ዘንድሮ ለቢሯችን የቀረበ አንድም አቤቱታ የለም።» አዳራሹ አጨበጨበ። ዲኑም አጨበጨበ። ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ሳይቀር አጨበጨበች፤ ሱቄ ውስጥ ማን ማን እንደሚቀመጥ እያወቀች።

እኔ ልነሳ ስል የእህቴን ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። አልጮኸችም።

«አቤቱታማ አለ» አለች። «ከኋላ በር እኔ ጋ እየመጡ ነው። ዘንድሮ ብቻ ሰባት ልጆች ወስጃለሁ።»

ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየተቆራረጠ ቆመ። ሽማግሌው አልተቆጣም። ፊቱ ላይ የነበረው መገረም ነው፤ ሆድ የባሰው አባት ይመስላል። ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ሰባት?» አለ። «ቢሯችን ሁሌ ክፍት ነው። ታዲያ ለምን ወደ እኛ አልመጡም?»

«የመጀመሪያዋ ወደ እናንተ መጥታ ነበር» አለችው።